ድርሻ የተነፈጉት አራቱ ባለሙያዎች

ነጋዴ ሀብቱን ሲቆጥር መደብሩን፣ መኪናውንና በባንክ ያለውን ገንዘብ ይቆጥራል። የሠራተኛውን ሙያ ግን ከሂሳብ አያስገባም። የአሜሪካው አታሪ ኩባንያ በዚህ የሂሳብ ጉድለት አራት ጎበዞቹን አጥቷል።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ አታሪ ከቤት ቴሌቪዥን ጋር የሚገጠም የጨዋታ መሣሪያ ይሸጥ ነበር። የመሣሪያው ሜሞሪ 128 ባይት ብቻ በመሆኑ ለእሱ ጨዋታ መሥራት የጥቂቶች ሙያ ነበር። ዴቪድ ክሬን፣ ላሪ ካፕላን፣ አለን ሚለርና ቦብ ዋይትሄድ ከእነዚህ ጥቂቶች ናቸው። ጨዋታዎቻቸው ለኩባንያው ሚሊዮኖች ሲያስገቡ ለእነሱ ከደመወዝ ሌላ ድርሻ አልነበራቸውም፤ ስማቸው እንኳ በማሸጊያው ላይ አይታተምም። ቢጠይቁም ተከለከሉ።

በ1979 ወጥተው ከነጋዴው ጂም ሌቪ ጋር አክቲቪዥንን አቋቋሙ፤ የሠሪውንም ስም በማሸጊያው ላይ አወጡ። አታሪ ከሰሳቸው፤ ግን አላቆማቸውም። በ1982 የወጣው የክሬን ‹‹ፒትፎል›› ከ4 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ።

አታሪ ድርሻ ቢሰጣቸው ከትርፉ ጥቂት ይቀነስበት ነበር። ባለመስጠቱ ተፎካካሪውን በገዛ ደመወዙ አሠልጥኖ ሸኘ። መደብር በቁልፍ ይጠበቃል፤ ባለሙያ የሚጠበቀው ግን ድርሻው ሲሰጠውና ስሙ ሲነሳ ነው።