ዛፉ መጀመሪያ ዛፍ ይሁን

የዚህ ዓምድ ደንበኞች የቆየውን ጠብ ያውቁታል። ልቦለድ ውስጥ ዛፍ በታየ ቁጥር «ምንን ይወክላል?» ተብሎ ይጠየቃል፤ መልሱም በአንድ ቃል ይዘጋል። ሰሞኑን ጠቡን የቀሰቀሰው በኤሊፍ ሻፋክ «የጠፉት ዛፎች ደሴት» ላይ የተሰማ አስተያየት ነው። የልቦለዱ በለስ ዛፍ አገርን ትወክላለች፣ በቃ፤ ዛፍ አፍ አውጥቶ ማውራቱ ደግሞ የልጆች ተረት ነው ተባለ።

እንዲህ በቀላሉ አይበቃም።

በ2021 እ.ኤ.አ. በታተመው በዚህ ልቦለድ በለሷ ራሷ ተራኪ ናት። የበቀለችው በቆጵሮስ ደሴት፣ ኒኮሲያ ውስጥ፣ አንድ መጠጥ ቤት መሐል ነው፤ ጫፏ በጣሪያው ቀዳዳ ወደ ሰማይ ይወጣል። ግሪካዊው ኮስታስና ቱርካዊቷ ዴፍኔ ተደብቀው የሚገናኙት እዚያ ነው። የ1974ቱ ጦርነት ደሴቲቱን ለሁለት ከፈለ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ኮስታስ ከዛፏ ቁራጭ ወስዶ ለንደን ተከላት። በቁራጭ የተተከለች በለስ የእናት ዛፏ ልጅ አይደለችም፤ በዘረ መል ያችው ዛፍ ናት። ሻፋክ ስለ ስደት የምትለው ሁሉ የቆመው በዚህ እውነት ላይ ነው።

ለንደን ውስጥ ከባድ ብርድ ሲመጣ ኮስታስ ከዛፏ ጎን ጉድጓድ ይቆፍራል። በአንድ ወገን ያለውን ሥሯን ይቆርጣል፣ ቀስ አድርጎ ያስተኛታል፣ አፈር ያለብሳታል። ይህ የደራሲዋ ፈጠራ አይደለም፤ ወደ ሰሜን አሜሪካ የተሰደዱ ጣሊያናውያን በለሳቸውን ከውርጭ ያዳኑት እንዲሁ ቀብረው ነው፤ ብርዱ ሲያልፍ መልሰው ያቆሟታል። ሚስቱ ዴፍኔ ደግሞ በሕይወት ሳለች የጠፉ ሰዎችን አጽም ትቆፍር ነበር። ባል ለማዳን ይቀብራል፣ ሚስት ለቤተሰብ ለመመለስ ትቆፍራለች። «አገር» የሚለው አንድ ቃል ይህን ሁሉ አይሸከምም።

የሪቻርድ ፓወርስ «ዘ ኦቨርስቶሪ»ም (2018፣ ፑሊትዘር 2019) እንዲሁ ነው። ከኖርዌይ የመጣ ስደተኛ አዮዋ ውስጥ የቼስትነት ዛፍ ይተክላል። በ1904 ኒውዮርክ ላይ የታየው የፈንገስ በሽታ በእውኑ ዓለም በቢሊዮን የሚቆጠሩ ቼስትነቶችን ፈጅቷል። የቤተሰቡ ዛፍ ለረጅም ዘመን የተረፈው ከዘመዶቹ ርቆ ስለበቀለ ነው። ይህን ያላወቀ አንባቢ «የጽናት ምልክት» ብሎ ያልፋል፤ ዛፉን ያቆየው ግን ብቸኝነቱ እንጂ ጥንካሬው አልነበረም።

የልጆች ተረት ነው ለሚሉት መልሱ ቅርብ ነው። በለስ የዋርካና የሾላ ዘመድ ናት። ዋርካ ሥር ሽማግሌ ሲቀመጥ፣ ዕርቅ ሲወርድ ያየ ሰው ዛፍ ምስክር ሆኖ ቢቆም ግር አይለውም።

የሻፋክ በለስ የምትመሰክረው ደግሞ በእርግጥ ስለጠፉ ሰዎች ነው። የቆጵሮስ የጠፉ ሰዎች ኮሚቴ የተቋቋመው በ1981 ነው። መዝገቡ ላይ 1,510 ግሪክ ቆጵሮሳውያንና 492 ቱርክ ቆጵሮሳውያን፣ በድምሩ 2,002 ሰዎች ሰፍረዋል። የሁለቱ ወገን ባለሙያዎች አብረው ቆፍረው ከ1,000 በላይ የሚሆኑትን ማንነት ለይተዋል። ከ900 በላይ የሚሆኑት ግን ዛሬም በየቤታቸው ይጠበቃሉ።