«ትንሽ ጠጋ በልልን»

ባለፈው ዓመት ዕረፍቴን ያሳለፍኩት ኮስታ ሪካ ውስጥ፣ በካሪቢያን ባሕር ዳርቻ ባለችው የቶርቱጌሮ መንደር ነው። የመኪና መንገድ የላትም፤ የሚገባው በጀልባ ወይም በትንሽ አውሮፕላን ነው። በማለዳ፣ ካፊያው ሳያባራ፣ ስድስት ሆነን ጀልባ ተሳፈርን። ጫካው መሐል ያለው ጠባብ ወንዝ ላይ ስንደርስ አስጎብኚያችን ሞተሩን አጥፍቶ መቅዘፍ ጀመረ። ከዛፍ ላይ ከሚጮኹት ጦጣዎች በቀር ድምፅ የለም።

ዳር ላይ አንድ ትንሽ የአዞ ዘር ዓይኑን ብቻ ከውሃው አውጥቶ ተኝቷል። ከፊቴ የተቀመጠው ጎብኚ ስልኩን ደግኖ «ትንሽ ጠጋ በልልን» አለ። አስጎብኚው ራሱን ነቀነቀ። ጎብኚው ዶላር አወጣ። አስጎብኚው ሳቅ ብሎ፣ «ዛሬ ካስበረገግሁት ነገ ለሚመጣው ምን አሳያለሁ?» አለና መቅዘፉን ቀጠለ።

ከዚያ ጉዞ ይዤ የተመለስኩት ይህን እምቢታ ነው።

እምቢታው ከሰማይ አልወረደም። ቶርቱጌሮ ስሟን ያገኘችው ከባሕር ኤሊ ነው፤ ሰዉም ድሮ ኤሊውን እያረደ፣ እንቁላሉን እየለቀመ ይኖር ነበር። ብሔራዊ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1975 በሕግ ጸና፤ ዛሬ የመንደሯ ዋና እንጀራ ጎብኚ ነው። በ1996 የወጣው የአገሪቱ የደን ሕግ ደግሞ ደን መመንጠርን ከለከለ። ክልከላ ብቻውን ሆድ አይሞላምና፣ ደኑን ለሚጠብቅ ባለይዞታ ከነዳጅ ግብር ክፍያ ተቆረጠለት። የቆመ ዛፍም እንጀራ ሆነ ማለት ነው።

ጫሞ ላይ «የአዞ ገበያ» ለማየት በጀልባ የወጣችሁ ነገሩን ታውቁታላችሁ። «ጠጋ በልልን» ያላለ ማን አለ? እኔ ብያለሁ። ልጁም ጠጋ አለልን፣ ጉርሻ ሰጠነው፣ አዞዎቹ ተንጋግተው ውሃ ገቡ። ከእኛ ኋላ የመጡት ባዶ አሸዋ አዩ።

በጀልባ ነጂው ማላከክ ቀላል ነው። ግን የዕለት ጉርሱ በእኛ ጉርሻ ላይ የተንጠለጠለ ሰው እምቢ የሚልበትን አቅም ከየት ያመጣል? ስለ ቱሪዝም ስናወራ ሎጅና መንገድ እንቆጥራለን። እስቲ ጀልባ ነጂው እምቢ ብሎ የማይራብበትን አሠራርም እንቁጠር። እስከዚያው እኛ ባለንበት እንቀመጥ፤ ከሩቅም ያምራል።