ስሟ በሁለት ፊደል

ጥር 12 ቀን 2014 ዓ.ም. ሐሙስ ነበር። ከተራው አልፎ፣ ጥምቀቱ አልፎ፣ የሚካኤል ታቦት ወደ መንበሩ የሚመለስበት ዕለት። እናቴ ይህን ቀን ከታቦቱ ኋላ ሳትከተል የዋለችበትን ዓመት አላስታውስም። በዚያ ዓመት ግን ገና ሳይነጋ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ከዱከም ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ከጎኔ ተቀምጣ ነበር። የምንሄደው ለኮቪድ ምርመራ ናሙና ልትሰጥ ነው። በማግስቱ አርብ ማታ ወደ አሜሪካ ትበራለች። ሜሪላንድ ያለችው እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ቀኗ ደርሷል፤ እናቴም አራስ ልትጠይቅ፣ የገንፎውን ዱቄትና በርበሬውን አሰናድታ፣ ሻንጣዋን ዘግታ ጨርሳለች።

ቀኑን የመረጥነው እኛ አይደለንም። ትኬቱን በኅዳር መጀመሪያ ስንቆርጥ አሜሪካ የተከተበ መንገደኛን የምትጠይቀው ከበረራው በፊት ባሉት 3 ቀናት ውስጥ የተደረገ ምርመራ ነበር። እኔም በዚያው ልክ አስቤ፣ የከተራ ዕለት ማክሰኞ ማለዳ ሄደን ተመርምረን እንመለሳለን፣ ጥምቀትንም ዱከም ታከብራለች ብዬ ነገርኳት። ኦሚክሮን መጣና ከኅዳር 27 ቀን ጀምሮ 3ቱ ቀን 1 ቀን ሆነ። አርብ ለሚበር ሰው የቀረው ሐሙስ ብቻ ነው። እናቴ ይህን ስትሰማ ጥቂት ዝም አለችና፣ «ሚካኤል ያውቃል» አለች።

መንገዱን ለምታውቁት መንገር አያስፈልገኝም። ዱከም ከአዲስ አበባ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው። ነገር ግን በአሮጌው መንገድ ከጂቡቲ ከሚመጣው የጭነት መኪና ጋር ተሰልፎ ገላንን አልፎ ቃሊቲ መድረስ፣ ከዚያ ሌላ ታክሲ መያዝ፣ ታቦት የሚያልፍባቸውን የተዘጉ ጎዳናዎች በእግር መዞር፣ ይህን ሁሉ የ66 ዓመት ሴት ይዞ ማድረግ ኪሎ ሜትር አይለካውም። ምርመራው ቦታ ስንደርስ ወረፋው ከግቢው ወጥቶ ነበር። ለገና በተደረገው ጥሪ ወደ አገር ቤት የገቡት ዳያስፖራዎች የሚመለሱበት ሰሞን ስለሆነ ግማሹ ወረፋ የእነሱ ነው።

በወረፋው ላይ የሰማሁት ሁሉ አሁንም ያሳዝነኛል። አንዲት ሴት በረራዋ አርብ ማታ 4 ሰዓት ስለሆነ ሐሙስ ከማታው 4 ሰዓት በፊት የሰጠችው ናሙና አይያዝልኝም ብላ ተጨንቃለች። መመሪያው ግን የሚቆጥረው ሰዓት ሳይሆን ቀን ነበር፤ ሐሙስ በየትኛውም ሰዓት ቢሆን ይበቃታል። ይህን የነገራት ሰው አልነበረም፤ እኔም እርግጠኛ ስላልነበርኩ ዝም አልኩ። ከዚያም በላይ አሜሪካ በደቂቃዎች ውጤቱ የሚደርሰውን የአንቲጅን ምርመራም ትቀበል ነበር። እኛ ሁላችንም የተሰለፍነው ለፒሲአር ነው። ይህን ከእህቴ የሰማሁት እናቴ ከሄደች ከሳምንታት በኋላ ነው። ጽሑፉ የትም አልተደበቀም፤ በእንግሊዝኛ፣ በድረ ገጽ ላይ፣ ለሚያነብ ሰው ተቀምጧል።

ውጤቱ ማታ 3 ሰዓት ላይ በስልኬ መጣ። ነጻ ናት። እግዚአብሔር ይመስገን ብለን ወረቀቱን ከፓስፖርቷ ጋር ስናስተያይ እጄ ቀዘቀዘ። ፓስፖርቱ የተወለደችው በ1956 ነው ይላል፤ የምርመራው ወረቀት ደግሞ 1948 ይላል። መዝጋቢው «የትውልድ ዘመንዎ ስንት ነው?» ብሎ ጠይቋት፣ እሷም እውነቱን ነግራዋለች። በእኛ አቆጣጠር 1948 ነው የተወለደችው። መዝጋቢው የጻፈው የነገረችውን ነው፤ እሷም የነገረችው እናቷ የነገረቻትን ነው። ሁለቱም አልተሳሳቱም፤ ግን በማግስቱ ማለዳ ያን ቁጥር ለማስተካከል ያንን መንገድ እንደገና ሄድኩ። ማስተካከሉ 10 ደቂቃ አልወሰደም። ደርሶ መልሱ ግማሽ ቀን ወሰደ።

የክትባት ካርዷም ሌላ ሐሳብ ነበር። የመጀመሪያውን አስትራዜኔካ የወሰደችው በ2013 ግንቦት፣ እዚሁ ጤና ጣቢያ ነው። ያ ክትባት በኮቫክስ በኩል የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. ከገባው 2 ሚሊዮን 184 ሺህ ዶዝ የደረሰን ነው። የተመረተው ሕንድ ነበር፤ ሕንድ ራሷ በበሽታው ስትመታ ወደ ውጭ መላኩን ገታች፣ ሁለተኛውንም ዙር እናቴ እስከ ክረምቱ ማብቂያ ጠበቀች። ካርዱ በእጅ ነው የተጻፈው። የጤና ባለሙያዋ ተጠንቅቃ፣ ፊደል በፊደል ነው የጻፈችው። ነገር ግን በአያቴ ስም ውስጥ ያለችውን «ጸ» ፓስፖርቱ በሁለት የላቲን ፊደል ሲጽፋት ካርዱ በአንድ ጻፋት። እናቴ ቦሌ ገብታ በመስታወቱ ወዲያ እስክትሰወር ድረስ፣ እኔ ስለዚያች አንዲት ፊደል ስጸልይ ነበር። አለፈች። ሌሎች እንዳላለፉ ግን አውቃለሁ።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ምርመራውን በመቃወም አይደለም። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሕመምተኛ በአገራችን ሲገኝ በሽታው የመጣው በአውሮፕላን ነው፤ ከቡርኪና ፋሶ የገባ የ48 ዓመት ጃፓናዊ ነበር። መንግሥት በ10 ቀን ውስጥ፣ ከመጋቢት 14 ጀምሮ፣ የሚገባ ሁሉ በራሱ ወጪ ሆቴል ውስጥ 14 ቀን ተለይቶ እንዲቆይ አዘዘ። ተገቢ ነበር። ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ ናሙና ወደ ደቡብ አፍሪካ እየተላከ ይመረመር የነበረባት አገር ሌላ ምን አማራጭ ነበራት? ጥያቄዬ ሌላ ነው። የጉዞ ሕግ ሲወጣ በዓይነ ሕሊና የሚታየው መንገደኛ ማን ነው? ኤርፖርቱ አጠገብ የሚኖር፣ እንግሊዝኛ የሚያነብ፣ ስሙ በአንድ መንገድ ብቻ የሚጻፍ፣ የተወለደበት ዓመት አንድ የሆነለት ሰው ይመስለኛል። እናቴ እሱን አይደለችም። የዱከም መንገደኛ በአብዛኛው እሱን አይደለም።

የእኛ ከተማ ልጆች የሚሄዱት ወደ ዱባይ፣ ወደ ሪያድ፣ ወደ ቤይሩት ነው። ለእነሱ ደግሞ ሕጉ የተለዋወጠው በቀናት ሳይሆን በአንድ ሌሊት ነበር። ሳዑዲ ከሰኔ 27 ቀን 2013 ጀምሮ በኢትዮጵያ ላይ በሯን ዘጋች። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ታኅሣሥ 16 ቀን 2014 ከኢትዮጵያ፣ ከኬንያ፣ ከታንዛኒያና ከናይጄሪያ የሚመጣውን አገደች። ለዚያ ሳምንት ትኬት የቆረጠች የጎረቤታችን ልጅ አለች። ለጉዞው የተበደረችው ገንዘብ ወለድ መቁጠሩን ቀጠለ፤ በረራው ግን ቆመ። እገዳው በጥር ማብቂያ ሲነሳ የምትሠራበት ቤት ሌላ ሰው ቀጥሮ ነበር።

በ2012 ሚያዝያ ከሳዑዲ በሺዎች የተመለሱትንም አስባለሁ። እነሱ ምንም አላቀዱም። ከማቆያ አውጥተው አሳፈሯቸው፤ እዚህ ሲደርሱ ዩኒቨርሲቲ ማደሪያ ውስጥ ተለይተው ተቀመጡ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ማባረሩ እንዲቆም የጠየቀው በዚያ ወቅት ነው። «ጉዞ ማቀድ» የሚለው ቃል ራሱ ለሁሉም እኩል አይሠራም።

እንግሊዝም ለነበሩት ቀላል አልነበረም። ኢትዮጵያ መጋቢት 10 ቀን 2013 ቀይ መዝገብ ውስጥ ስትገባ፣ ለንደን ያለው ወገናችን እናቱን ቀብሮ ሲመለስ ለ10 ቀን የሆቴል ለይቶ ማቆያ 1,750 ፓውንድ መክፈል ነበረበት። ከመዝገቡ የወጣነው በጥቅምት 2014 ነው። በዚያው ሰሞን ደግሞ እንግሊዝ በአፍሪካ የተሰጠ ክትባትን ለመቀበል አመነታች። አስትራዜኔካ የእነሱው ነው፤ ኦክስፎርድ ነው የፈለቀው። በአፍሪካ ጤና ጣቢያ ውስጥ ሲወጋ ግን ያልተከተበ ሰው ሆነህ ትቆጠራለህ። መቀመጫው አዲስ አበባ የሆነው የአፍሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ይህን ሲቃወም ሰምቼ በእውነት ደስ ብሎኝ ነበር። አንድ ሰው ስለ እናቴ ክንድ ተናገረ ብዬ።

መከራው የእኛ ብቻ እንዳልነበረም ዱከም ያስተማረችኝ ነገር ነው። ኢስተርን ኢንዱስትሪ ዞን ውስጥ የሚሠሩ ቻይናውያን ከዚህ ሁሉ የከፋ መንገድ ነበራቸው። አገራቸው ለመግባት የፒሲአርም የደምም ምርመራ፣ ከዚያም ኤምባሲያቸው ውጤቱን አይቶ የሚሰጠው አረንጓዴ ኮድ ያስፈልግ ነበር። በአንድ በረራ ላይ 5 ሰው ቫይረሱ ከተገኘበት ያ በረራ ራሱ ለአንድ ሳምንት ይታገዳል የሚል ደንብም ነበራቸው። ከጉሊቷ ሴትዮ ሽንኩርት ሲገዛ የማገኘው አንድ ቴክኒሻን በተሰባበረ አማርኛ «ልጅ ትልቅ ሆነ» ብሎ እጁን እስከ ወገቡ ከፍ አድርጎ አሳየኝ። ሲለየው እስከ ጉልበቱ ነበር። ቻይና ለገቢ መንገደኛ ለይቶ ማቆያን ያነሳችው ታኅሣሥ 30 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ አልፎ ሳለ አሁን ለምን አነሳዋለሁ? በኅዳር 2018 ጂንካ ላይ ማርበርግ መኖሩ ሲረጋገጥ፣ በዚያው ሳምንት ሦስት ሰዎች ደውለው «ለበረራ ምን ወረቀት ያስፈልጋል?» ብለው ጠየቁኝ። በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ተጽፎ የማሳያቸው ነገር ፈልጌ አጣሁ። 4 ዓመት ቆይተን እዚያው ወረፋ ላይ ነን።

ሌላው ምክንያቴ ከደጃችን የሚነሳ ነው። ዱከም የመንገድ ልጅ ናት። ባቡሩ አዲስ አበባ በ1909 ዓ.ም. ሲደርስ በዚህ በኩል ነው የሄደው፤ በ1911 የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ሲፈጅ ሰዉም ሸቀጡም በዚያ ሐዲድ ይመላለስ ነበር። አሁን ደግሞ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አዲሱን ታላቅ ኤርፖርት ከእኛ ወዲያ፣ ቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ ላይ ሊሠራ ተነሥቷል። የዲዛይኑ ውል በነሐሴ 2016 ተፈርሟል። ሲጠናቀቅ በዓመት ከ100 ሚሊዮን በላይ መንገደኛ ያስተናግዳል ተብሎ ነው የታቀደው፤ በመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ 60 ሚሊዮን። ያን ያህል ሰው በሚያልፍበት ደጃፍ፣ ዱከም ወይም ቢሾፍቱ ላይ፣ ለጉዞ የሚሆን ምርመራ አድርጎ በውጭ አገር የሚታመን ወረቀት የሚሰጥ ቤተ ሙከራ ከአሁኑ ይታሰብ እላለሁ። ወረርሽኙ ከመጣ በኋላ የሚቋቋም ነገር ሁልጊዜ አዲስ አበባ ይጀምርና እኛ ዘንድ ሳይደርስ ወረርሽኙ ያልፋል።

ቤተ ሙከራው ገንዘብ ይጠይቃል፤ ይገባኛል። ሌላው ግን ምንም አይጠይቅም። ጤና ጣቢያ ካርድ ሲጽፍ ለተጓዥ ፓስፖርት ይጠይቅ፣ ስሙን ከዚያ ላይ ይገልብጥ። የትውልድ ዘመን ሲጻፍ የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አጠገቡ ይጻፍ። ናሙና የተወሰደበት ሰዓትም እንዲሁ፤ የእኛ 2 ሰዓት ከ40 ለሌላው ዓለም 8 ሰዓት ከ40 ነው፣ በሰዓት ለሚቆጥር አገር ደግሞ 6 ሰዓት ብዙ ነው። የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በወረርሽኙ ጊዜ በየቀኑ የተያዘውን፣ ያገገመውንና የሞተውን ሲነግረን ነበር፤ ያን ማድረግ የቻለ ተቋም የጉዞ ሕግ በተለወጠ ቁጥር አንድ ገጽ በአገር ቋንቋ ማውጣት አያቅተውም። የተሻሻለው ዓለም አቀፍ የጤና ደንብ ከመስከረም 2018 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል፤ የጤና ሰነድ በወረቀትም በዲጂታልም ሊሆን እንደሚችል ይናገራል። በዲጂታሉ ውስጥ «ጸ» በስንት ፊደል እንደምትጻፍ ግን ጄኔቫ አይወስንልንም።

እናቴ ያኔ አራሷን ጠይቃ፣ ክርስትናውን አይታ በሰላም ተመልሳለች። እህቴ በዚህ ዓመት ሁለተኛዋን ትጠብቃለች። ባለፈው ሳምንት እናቴ ካኪ ፖስታዋን ከቁም ሳጥኑ አወጣችና ወረቀቶቹን አልጋ ላይ ዘረጋች፤ ፓስፖርቱ፣ የ2014ቱ ውጤት፣ በእጅ የተጻፈው የክትባት ካርድ። ጤና ጣቢያ ሄደን ስሟን እንድናስተካክል ጠየቀችኝ። አሜሪካ ክትባቱን መጠየቅ ካቆመች፣ ከግንቦት 2015 ወዲህ፣ ዓመታት እንዳለፉ ነገርኳት።

«ይሁን» አለች ካርዱን ወደ ብርሃኑ ይዛ። «ስሜ ግን ይስተካከል።»

ማክሰኞ እንሄዳለን።