የኮምፒውተሩ ገጽ ሲጨናነቅ

ወጥ ቤቷን በወግ ያሰናዳች እናት መብራት ቢጠፋ እንኳ ጨዉንና በርበሬውን በዳበሳ ታነሣለች። ይህችው እናት ከቢሮ ገብታ ኮምፒውተሯን ስትከፍት ግን ስልሳ ሰባ ሥዕል ከመስተዋቱ ላይ ተዝረክርኮ ይጠብቃታል። የደመወዝ ዝርዝሩ፣ የልጆቹ ፎቶግራፍ፣ ‹አዲስ›፣ ‹አዲስ 2›፣ ‹የመጨረሻ›፣ ‹የመጨረሻ የመጨረሻ› የተባሉ ደብዳቤዎች ሁሉ ተደባልቀዋል። ባለጉዳይ ከፊቷ ቆሞ ሳለ አንዲት ወረቀት ፍለጋ ዓይኗ ይባዝናል።

ይህ ገጽ ‹ዴስክቶፕ›፣ ማለትም የጠረጴዛ ገጽ መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም። ዜሮክስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1981 ስታር የተሰኘውን የቢሮ ኮምፒውተር ለገበያ ሲያቀርብ፣ ሰነዱንና ማኅደሩን በትንንሽ ሥዕል አድርጎ ከመስተዋቱ ላይ ደርድሮ ነበር። ከጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው እንግዲህ የዕለቱ ሥራ ነው፤ የቀረው ከቁም ሣጥን ይገባል።

ከመዝረክረኩ ይልቅ የሚያሠጋው ሌላ ነው። በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ዴስክቶፑ ራሱ እንደ ደንቡ ‹ሲ› በተባለው ክፍል ውስጥ ያለ አንድ ፎልደር ነው። ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ ባለሙያ ‹ፎርማት› ሲያደርገው የሚጠረገው ይኸው ክፍል በመሆኑ፣ ሌላ ቅጂ የሌለው የዓመት ሥራ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ‹ዲ› የተባለ ክፍል ካለ ‹ሥራ›፣ ‹ቤት› እና ‹ልጆች› የሚሉ ፎልደሮች እዚያ ክፈቱ። ዲስኩ ራሱ ከተቃጠለ ግን ዲም አይተርፍምና የዋና ዋናውን ቅጂ በሌላ ዕቃ ላይ አኑሩ።

ከዚያም ዘወትር የምትነኩትን ፎልደር በማውስ ቀኝ ቁልፍ ተጭናችሁ ‹ሴንድ ቱ› ከሚለው ውስጥ ‹ዴስክቶፕ› የሚለውን ምረጡ። በዊንዶውስ 11 አስቀድሞ ‹ሾው ሞር ኦፕሽንስ› የሚለውን መንካት ያስፈልጋል። ትንሽ ቀስት ያለበት ሥዕል ከገጹ ላይ ይወጣል፤ ይህ ‹ሾርትካት› ይባላል፣ አቋራጭ መንገድ እንደ ማለት ነው። አምስት ስድስት ያህል ይበቃል። ብዙ መስኮት ተከፍቶ ገጹ ቢሸፈን የዊንዶውስን ቁልፍ ከእንግሊዝኛው ‹ዲ› ፊደል ጋር መጫን ባንድ ጊዜ ይገልጠዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ሳናነሣ አናልፍም። የየጥኖራ ሠራተኛ ሪፖርቷን ቢቸና ወይም ሞጣ ለማድረስ ቀስት ያለበትን ሥዕል ወደ ፍላሽ ገልብጣ ብትሄድ፣ የያዘችው የቤቱን አድራሻ ነው፤ ቤቱ ከኋላዋ ቀርቷል። እዚያ ደርሳ ብትከፍተው አይከፈትም፤ የመኪናው ሒሳብም ቀኑም ባከነ። ከመነሣታችሁ በፊት ‹ፕሮፐርቲስ› የሚለውን ከፍታችሁ መጠኑን ተመልከቱ። የአቋራጭ መጠን አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ኪሎባይት ብቻ ነው።

ስም አወጣጡም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ዓመቱን፣ ቀጥሎ ወሩን በሁለት አኃዝ ብታስቀድሙ፣ ‹2017-03 ደመወዝ› እንደ ማለት፣ ፋይሎቹ በስም ሲደረደሩ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ራሳቸው ተራ ይይዛሉ። 15/3/2017 ብሎ መሰየም ግን አይቻልም፤ ዊንዶውስ እዝባርን በፋይል ስም ውስጥ አይቀበልም።

የእኛ ፊደል ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ፊደላችን ዩኒኮድ ከተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል መዝገብ እ.ኤ.አ. በ1999 ሲገባ ለእያንዳንዱ ሆሄ የየራሱ ቁጥር ተሰጥቶታል። ‹ሠ› እና ‹ሰ›፣ ‹ፀ› እና ‹ጸ› ለጆሯችን አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ‹ለ› እና ‹መ› የሚለያዩትን ያህል ይለያያሉ። አንዷ ‹ሠራተኛ› ብላ ያኖረችውን ባልደረባዋ ‹ሰራተኛ› ብላ ብትፈልግ ሳታገኘው ልትቀር ትችላለች። እኛን ቢጠይቁን፣ በአንድ ቢሮ የሚሠሩ ሰዎች አጻጻፉን ተስማምተው በወረቀት ከግድግዳ ላይ ቢለጥፉት ከብዙ ጭቅጭቅ ይድናሉ።

ከቤት ላለው ኮምፒውተር የሚቀረው የቴሌግራም ነገር ነው። በኮምፒውተር ላይ በተጫነው ቴሌግራም የምታወርዱት አብዛኛውን ጊዜ በ‹ዳውንሎድስ› ውስጥ ‹ቴሌግራም ዴስክቶፕ› በሚል ፎልደር ይከማቻል። ከትምህርት ቤት የተላከው የልጁ ውጤትም ሆነ ዘመድ የላከው የሠርግ ፎቶግራፍ እዚያው ተቀላቅሎ ያድራል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ ገብቶ የሚፈለገውን ወደ ‹ልጆች› እና ወደ ‹ቤት› ማዛወር፣ የቀረውን ማጥፋት ነው። ልጆቹ ጨዋታቸውን በእናታቸው ገጽ ላይ የሚደረድሩ ከሆነም በ‹ሴቲንግስ› ውስጥ ‹አካውንትስ› ገብቶ የተለየ መግቢያ ይከፈትላቸው፤ ዴስክቶፓቸውም ለየብቻ ይሆናል።