ሞተር መንዳት የሚያስተምረን ማን ነው?

ሰሞኑን ሲሬ፣ ዋናው አስፋልት ዳር ሻይ ይዤ ተቀምጬ አንድ ትምህርት ተመለከትኩ። ተማሪው አሥራ ዘጠኝ ወይም ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። አስተማሪው የሰፈር ጓደኛው ነው፤ ከኋላው ተፈናጥጦ ጆሮው ላይ እየጮኸ ያስተምራል። «ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለህ ልቀቀው! ሱታ! ሱታ!» ሞተሩ ሁለቴ ዘለለና ጠፋ። በሦስተኛው ተነሥቶ ሄደ። ሻይ ቤቱ አጨበጨበ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ልጁ ብቻውን ነዳ። በማግስቱ ጠዋት በዚያው ሞተር አንዲት እናት ከነሕፃኗ አፈናጥጦ ወደ አኖ አቅጣጫ ሲያልፍ አየሁት። ሄልሜት የለም። መንጃ ፈቃድ ይኑረው አይኑረው አልጠየቅኩም፤ መልሱን እናንተም ታውቁታላችሁ።

ልጁን ልወቅስ አይደለም። እኔም የተማርኩት እንደዚያው ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለዘገባ መኪና የማይገባባቸው ቀበሌዎች መሄድ ነበረብኝና ሞተር ተዋስኩ። ጓደኛዬ በአንድ ከሰዓት አስተማረኝ። ከትምህርቱ ሁሉ ጭንቅላቴ ውስጥ የቀረው አንድ ትእዛዝ ነበር፦ «የፊቱን ፍሬን እንዳትነካ፣ ይገለብጥሃል!» በአምስተኛው ቀን ከሲሬ ወደ ነቀምቴ ስሄድ ከፊቴ የነበረ አይሱዙ በድንገት ቆመ። ትእዛዙን አክብሬ የኋላውን ፍሬን ብቻ ባለ በሌለ ኃይሌ ረገጥኩ። የኋላው ጎማ መዞሩን አቆመ፤ ሞተሩ ግን መሄዱን አላቆመም። ግራና ቀኝ ተወዛወዘና ከአይሱዙው ጭራ ትንሽ ሲቀረኝ በጎኔ አስፋልቱ ላይ ጣለኝ። የክርኔ ጠባሳ እስከ ዛሬ አለ። ጓደኛዬ ሊጠይቀኝ ሲመጣ መጀመሪያ ያለኝ ምን ይመስላችኋል? «የፊቱን ነክተህ ነው አይደል?»

ይህ ምክር ከየት እንደመጣ ይገባኛል። የእኛ አገር ልጅ ሞተር የሚለምደው ጠጠርና ቀይ አፈር ላይ ነው። እዚያ ላይ መሪውን አጣሞ የፊቱን ፍሬን ድንገት የጨመደደ ሰው በርግጥም ይወድቃል። አንዱ ሲወድቅ ያየ ሌላውን ያስጠነቅቃል፤ ማስጠንቀቂያው ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፈ ሕግ ይሆናል። ችግሩ ያው ልጅ በኋላ አስፋልት ላይ ሲወጣ ነው። ፍሬን ስንይዝ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ይሄዳል። የፊቱ ጎማ መሬቱን ይበልጥ ይጨብጣል፣ የኋላው ይቀልላል። ደረቅ አስፋልት ላይ ከማቆሚያው ኃይል ሁለት ሦስተኛውና ከዚያም በላይ የሚመጣው ከፊቱ ፍሬን ነው። ስልሳ ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚሄድ ሞተር በአንድ ሴኮንድ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ሰው አይቶ፣ ደንግጦ፣ እጁን እስኪያዝዝ ድረስ ያ ሴኮንድ አልፏል። ከዚያ በኋላ በግማሽ ፍሬን ለማቆም መሞከር ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ባኮን፣ ሲሬንና ነቀምቴን የሚያገናኘው መንገድ ደግሞ ከባድ መኪና፣ ሚኒባስ፣ ባጃጅና ከብት የሚጋፉበት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ጥናት ልጥቀስ። በአሜሪካ ሃሪ ሃርት የተባለ የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ቡድን መርቶ ሎስ አንጀለስ ውስጥ የደረሱ 900 የሞተር አደጋዎችን እዚያው ቦታው ድረስ እየሄደ መረመረ። ውጤቱ በ1981 እ.ኤ.አ. ወጣ። አደጋ ከደረሰባቸው ነጂዎች 92 በመቶው ወይ ራሳቸውን በራሳቸው ያስተማሩ፣ ወይ ከቤተሰብና ከጓደኛ የተማሩ ነበሩ። በአደጋው ሰዓት ምን አደረጉ ሲባል፣ አብዛኞቹ የኋላውን ፍሬን አብዝተው ረግጠው ጎማውን ያንሸራተቱ፣ የፊቱን ግን በሚገባ ያልተጠቀሙ ናቸው። ሎስ አንጀለስ የት፣ ሲሬ የት ትሉ ይሆናል። እኔ ግን ያንን ሳነብ ክርኔን ነው ያየሁት።

«ታዲያ ማሠልጠኛ ሂዳ!» የሚል አይጠፋም። ሕጉም የሚለው ያንኑ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1074/2010 መሠረት ሞተር ራሱን የቻለ የመንጃ ፈቃድ ምድብ አለው፤ ፈቃዱን ለማግኘትም ሠልጥኖ መፈተን ያስፈልጋል። እኔም ከወደቅኩ በኋላ ሄጄ ተመዘገብኩ። ስሙን አልጠራም፤ ሌሎቹ ይሻላሉ ብዬም አይደለም። ንድፈ ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። የመንገድ ምልክቶችን፣ ቅድሚያ የማን እንደሆነ፣ የመጀመሪያ እርዳታን ተማርን። ተግባሩ ላይ ስንደርስ ግን አንድ ጠባብ ግቢ ውስጥ፣ ፍሬቻው በማይሠራ አንድ አሮጌ ሞተር፣ ለፈተና የሚጠየቀውን መዞሪያ ተራ በተራ መዞር ብቻ ሆነ። ሁለተኛ ማርሽ ያስገባሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። ከነበረን ፍጥነት ጋር ሲታይ ፍሬን መያዝ እንኳ አያስፈልግም ነበር፤ እግር መሬት ማሳረፍ ይበቃል። ፈተናውን አለፍኩ። ኪሴ ውስጥ ፈቃድ ገባ፤ አይሱዙው ዳግመኛ ቢቆምብኝ የማደርገው ግን ያንኑ ነበር።

ለአሠልጣኞቹ አለመፍረድ ነው። አንዱ በግልጽ እንዲህ አለኝ፦ «ለሞተር የሚመጣው ሰው ጥቂት ነው፣ የሚከፍለውም ከመኪናው ያነሰ ነው፤ ቤንዚኑን ስንት እንደምንገዛው ደግሞ አንተው ታውቃለህ።» እውነቱን ነው። ቤንዚን በሃይላንድ እየተቀዳ በሚሸጥበት ወቅት ተማሪን አስፋልት ላይ እየወሰዱ አርባ ጊዜ ፍሬን ማስያዝ ቀላል ወጪ አይደለም። ከሲሬ ለሚመጣው ደግሞ የነቀምቴ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ ምሳና የባከነ የሥራ ቀን ይጨመርበታል። ልጁ ግማሽ ሰዓቱንና ጓደኛውን ቢመርጥ አይፈረድበትም።

ጥሩ ትምህርት ምን እንደሚመስል ያየሁት ካልጠበቅኩት ሰው ነው። ዕድሜያቸውን በግብርና ሥራ ያሳለፉ፣ በያማሃ ሞተር ገጠር ለገጠር ሲዞሩ ኖረው ጡረታ የወጡ አንድ አባት ናቸው። ስወድቅ የሆነውን ነገርኳቸው። ሳቁ፤ ከዚያ «ነገ ጠዋት ሞተርህን ይዘህ ኳስ ሜዳው ና» አሉኝ።

በመጀመሪያው ቀን ሞተሩን እንድነሣበት አልፈቀዱም። አጥፍቼ፣ ፎሌ አድርጌ፣ በእጄ እየገፋሁ ሜዳውን አዞሩኝ፤ ክብደቱ ወዴት እንደሚያዘነብል በክንድ መታወቅ አለበት ብለው። ቀጥሎ ፍሪሲዮን ብቻ። ነዳጅ ሳልሰጥ ፍሪሲዮኑን በመልቀቅ ብቻ ሞተሩ የሚንቀሳቀስበትን ነጥብ እስክይዘው ደጋገምኩት። ፍሬኑ በሁለተኛው ቀን መጣ። «ላም አልበህ ታውቃለህ?» አሉኝ። በልጅነቴ አዎ። «ጡቱን በአንዴ ትጨመድደዋለህ? ጣትህን ተራ በተራ እያጠበቅህ ነው። የፊት ፍሬንም ያው ነው።» በሃያ፣ ከዚያ በሠላሳ፣ ከዚያ በአርባ ኪሎ ሜትር እየመጣሁ መስመር ላይ እንድቆም አደረጉኝ። መጀመሪያ የኋላውን ብቻ፣ ቀጥሎ የፊቱን ብቻ፣ ቀጥሎ ሁለቱን። የቆምኩበትን ሁሉ በድንጋይ ምልክት ያደርጉ ነበር። ድንጋዮቹን ሳይ የጓደኛዬ ሕግ እዚያው አበቃለት።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ማንም ያልነገረኝ ነው። ኩርባ ላይ ዓይን የሚያየው ጎማው ሥር ያለውን ጉድጓድ ሳይሆን መውጫውን መሆኑን። ጠጠር ላይ ፍጥነት የሚቀነሰው ኩርባው ውስጥ ሳይሆን ከመግባት በፊት መሆኑን። ክረምት ላይ ቀይ አፈር ሲርስ የፊቱን ፍሬን መተው ሳይሆን ማለስለስ፣ ማርሽ ቀንሶ ሞተሩ ራሱ እንዲይዝ ማድረግ እንደሚያስፈልግ። በመጨረሻ አንድ የበቆሎ ጆንያ ከኋላዬ ጭነው «አሁን ቁም» አሉኝ። ያን ቀን ነው ከኋላው ሰው የጫነ ሞተር ሌላ ሞተር መሆኑ የገባኝ። በእኛ አካባቢ ደግሞ ሞተር ገዝቶ ሰው የማይጭን ማን አለ? እሱን ግን የትኛውም ፈተና ላይ አላየሁትም።

እሳቸው ከኋላዬ ተፈናጥጠው አንድም ቀን አላስተማሩኝም። ሜዳው ዳር ቆመው ነበር የሚያዩኝ፤ መንገድ ስንወጣ በሌላ ሞተር ይከተሉኝ ነበር። በእንግሊዝ ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጀማሪ ሞተረኛ ብቻውን መንገድ ከመውጣቱ በፊት መሠረታዊ ሥልጠና የመውሰድ ግዴታ አለበት፤ መጀመሪያ ግቢ ውስጥ፣ ከዚያ ቢያንስ ለሁለት ሰዓት መንገድ ላይ፣ አሠልጣኙ በራሱ ሞተር እየተከተለ። ይህን በኋላ ሳነብ ኳስ ሜዳችን ትዝ አለኝ። አንድ ጡረተኛ ያለማንም መመሪያ የደረሱበት ነው።

ስለዚህ ሞተር ለመልመድ የምታስቡ ካላችሁ፣ አስተማሪ ከመምረጣችሁ በፊት የመጀመሪያው ቀን ላይ ምን እንደሚያስተምር ጠይቁት። መልሱ «እንነሣና እንሄዳለን» ከሆነ ሌላ ፈልጉ። ፍሬን በስንት ፍጥነት እንደሚያለማምዳችሁ ጠይቁት። «የፊቱን አትንካ» ካለ አመስግናችሁ ተለዩት። እሱ ራሱ ሄልሜት ከሌለው ደግሞ ጥያቄም አያስፈልግም። ሄልሜት የሞት አደጋን ወደ 40 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን ወደ 70 በመቶ እንደሚቀንስ ብዙ ጥናቶችን ያጠቃለለ ግምገማ አሳይቷል፤ የትራፊክ ደንባችንም ያለ እሱ መንዳትን ጥፋት ያደርገዋል። ከመቶ ሺህ ብር በላይ አውጥቶ ሞተር የገዛ ሰው ሄልሜት ውድ ነው ሲለኝ መልስ ያጥረኛል። ሄልሜቱን ገዝቶ መሪው ላይ ሰቅሎ ከትራፊክ ፖሊስ ጋር ሲተያይ ብቻ የሚያጠልቀውንማ ተዉት።

ለሴቶች ነገሩ ይብሳል። አንዲት የማውቃት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ሞተር መልመድ ትፈልጋለች፤ የምትሠራበት ቀበሌ በእግር ግማሽ ቀን ይወስድባታል። «ማን ያስተምረኝ? ጓደኛ ወንድ ከኋላዬ ተፈናጦ? ከተማው ምን ይላል?» አለችኝ። አሠልጣኙ ዳር ቆሞ የሚያስተምርበት ሜዳ ቢኖር ይህ ጥያቄ ራሱ አይነሣም ነበር።

መንግሥት ስለ ሞተር ሲነሣ ቶሎ የሚመጣለት ቃል እገዳ ነው። አዲስ አበባ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ልዩ ፈቃድ ከሌላቸው በቀር ሞተሮች እንዳይንቀሳቀሱ ከለከለች፤ ምክንያቱ ወንጀል ነው ተባለ። ስለ ወንጀሉ እዚህ አልከራከርም። ነገር ግን አዲስ አበባ አውቶቡስም ታክሲም ባቡርም አላት። ሲሬ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ምጥ የያዛትን ሴት ጤና ጣቢያ የሚያደርሳት ብዙ ጊዜ ያው ዶቅዶቄ ነው። እዚህ ማገድ አይሠራም። ማስተማር ነው ያለን።

ማስተማሩም የሚከብድ አይመስለኝም። ነቀምቴ ያለ አንድ ማሠልጠኛ በሳምንት አንድ ቀን አንድ አሠልጣኝና ሁለት ሞተር ሲሬ ቢልክ፣ ወረዳው ሜዳውን ቢፈቅድ፣ ዐሥር ልጆች የመኪና ኪራይ ከሚያወጡ ነዳጁን ተካፍለው ቢከፍሉ ሒሳቡ ይገጥማል። ሞተር ሻጩም ቁልፍ ሲያስረክብ ሄልሜትና የግማሽ ቀን ልምምድ አብሮ ቢሸጥ የሚከስር አይመስለኝም። በየወረዳው መሥሪያ ቤት ዕድሜ ልካቸውን በሞተር የኖሩ ሰዎች አሉ። እነሱን አምጥቶ በአበል የሚያሠራ አንድ ኃላፊ ነው የጠፋው። ይህንን ለሁለት ኃላፊዎች አንሥቼ ነበር። አንደኛው «ጥሩ ሐሳብ ነው፣ በጽሑፍ አምጣው» አለኝ። አመጣሁለት። ስድስት ወር ሆነው።

ያንን ልጅ ቅዳሜ ዕለት ድጋሚ አገኘሁት፤ ደንበኛ እየጠበቀ ሞተሩ ላይ ጋደም ብሏል። የፊት ፍሬኑ ገመድ ተፈትቶ መሪው ላይ ተጠቅልሏል። ለምን እንደማያሠራው ጠየቅኩት።

«አልጠቀምበትም እኮ፣ ጋሼ» አለኝ።