የሃይብሪድ ፒካፕ ብልሽትና የሚታመን መካኒክ

ሃይብሪድ ፒካፕ በአንድ ሻንሲ ላይ ሁለት የኃይል ምንጭ ጭኖ ይሄዳል። በአሜሪካ በ2021 ሞዴል የወጣው ፎርድ ኤፍ-150 ፓወርቡስት ባለ 3.5 ሊትር ቪ6 ሞተሩን ካምቢዮው ውስጥ ከተገጠመ የኤሌክትሪክ ሞተርና ከ1.5 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ጋር አጣምሮ 430 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ቶዮታ ቱንድራ ደግሞ 288 ቮልት ባትሪውን የሚይዘው ከኋላ ወንበር ስር ነው። እንዲህ ያለ መኪና ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ሲያበራ መጀመሪያ መለየት ያለበት ችግሩ ከየትኛው ወገን እንደመጣ ነው። ብዙ ገንዘብ በከንቱ የሚፈሰው ይህ ሳይለይ ዕቃ መቀየር ሲጀመር ነው።

ምርመራው የሚጀምረው ከትንሹ ባትሪ ነው። ትልቁን ባትሪ ከሲስተሙ ጋር የሚያገናኙት ማብሪያዎችም ሆኑ የመኪናው ኮምፒውተሮች የሚሠሩት በተራው 12 ቮልት ነው። ይህ ባትሪ ሲደክም የፍሬን፣ የመሪና የሃይብሪድ መብራቶች ባንድ ጊዜ ሊበሩ ይችላሉ፤ መኪናውም ለመነዳት ዝግጁ መሆኑን የሚገልጸውን «ሬዲ» ሳይል ይቀራል። ባለቤቱ ትልቁ ባትሪ ሞተ ብሎ ይደነግጣል። ሞልቶ ያረፈ ጤነኛ ባትሪ ሲለካ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ መኪናው «ሬዲ» ካለ በኋላ ከ13 በላይ መውጣት አለበት። ካልወጣ፣ በአብዛኞቹ ሃይብሪዶች የዲናሞን ሥራ የሚሠራው ከትልቁ ባትሪ ቮልት ቀንሶ የሚያቀብለው መለወጫ ነውና ፍተሻው ወደዚያ ይዞራል። የባትሪው ጫፍ መዛጉንና ማሳው (ከቦዲው ጋር የሚያያዘው ገመድ) መላላቱን ማየትም ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚወስድ ሥራ ነው።

ቀጥሎ አየር ነው። ከጋቢናው አየር እየሳበ የሚቀዘቅዝ ባትሪ የአየር መግቢያው ወንበር አካባቢ ይሆናል። የሥራ መኪና ውስጥ ደግሞ አቧራ፣ የእንጨት ብናኝና የተጣለ ጃኬት አይጠፋም። መግቢያው ሲታፈን ባትሪው ይሞቃል፣ ኮምፒውተሩም ጉልበት ይቀንሳል። ዳገት ላይ ጭነት ይዞ የሚለግም ፒካፕ ሲያጋጥም ማጣሪያውን ሳያዩ ስለ ባትሪ ዋጋ ማውራት ተገቢ አይደለም።

የመካኒክ ብቃት በደንብ የሚታየው ግን ፒ0ኤኤ6 የሚባለው የብልሽት ኮድ ሲመጣ ነው። በተራው 12 ቮልት ኔጌቲቩ ከቦዲው ጋር ይገናኛል፤ በከፍተኛው ቮልት ግን ሁለቱም መስመሮች ከቦዲው ፈጽሞ ተለይተው መቆየት አለባቸው። ኮምፒውተሩ ይህን መለያየት ይከታተላል፤ ኤሌክትሪክ ወደ ቦዲው መሾለክ ሲጀምር ኮዱን ይመዘግባል። ምንጩ ባትሪው፣ ኢንቨርተሩ፣ ብርቱካናማዎቹ ኬብሎች፣ የኤሌክትሪክ ሞተሩ ወይም የኤሲ ኮምፕሬሰሩ ሊሆን ይችላል። ኤሲ ሲከፈት ብቻ የሚመጣ ከሆነ ኮምፕሬሰሩ ይጠረጠራል። እዚህ ላይ ብዙዎች የማይጠብቁት ምክንያት አለ። የሃይብሪድ ኮምፕሬሰር ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ልዩ ዘይት ይፈልጋል። ጋዝ ሊሞላ የገባ መኪና የተራ መኪና ዘይት ጥቂት እንኳ ከተቀላቀለበት ኤሌክትሪክ መሾለክ ሊጀምር ይችላል። ከዝናብ በኋላ ብቻ እየመጣ ሲደርቅ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ውሃ የገባበት መጋጠሚያ ይፈለጋል። ተራ መልቲሜትር ይህን ሁልጊዜ አያሳይም፤ ከፍ ያለ ቮልት እየላከ የሚለካ የኢንሱሌሽን መሣሪያ ያስፈልጋል። ዕቃዎቹን አንድ በአንድ እየነጠለ የሚለካ መካኒክ ሥራውን ያውቃል። ኮዱን በስካነር አንብቦ ወዲያው ሙሉ ባትሪ የሚያዝን ግን ማመን ይከብዳል።

ፒ0ኤ80 የተባለው ኮድም ባትሪው እንዲቀየር የሚጠቁም ቢሆንም፣ ከመቀየሩ በፊት የየክፍሉ ቮልት ጭነት ላይ ሲለካ ምን ያህል እንደሚለያይ በቁጥር መታየት ይገባዋል።

መካኒክ ሲመረጥ ደህንነቱን የሚጠብቅበት መንገድ ብዙ ይናገራል። እስከ 1,000 ቮልት የሚከላከሉ የላስቲክ ጓንቶች አሉት ወይ? በየስድስት ወሩ ይፈተሻሉ ወይ? የከፍተኛውን ቮልት መቁረጫ ከነቀለ በኋላ በኢንቨርተሩ ውስጥ የተጠራቀመው ኃይል እስኪወርድ አምራቹ ያዘዘውን ደቂቃ ይጠብቃል፣ ዜሮ መሆኑንስ ለክቶ ያረጋግጣል? ለራሱ ሕይወት የማይጠነቀቅ ሰው ለሌላው መኪና ይጠነቀቃል ብሎ መጠበቅ ያስቸግራል። ኤኤስኢ የተባለው ተቋም ለሃይብሪድና ለኤሌክትሪክ መኪና ኤል3 የሚል የብቃት ፈተና አለው፤ ወረቀቱን ለማየት መጠየቅ ነውር የለውም።

በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ፣ የቶዮታን ሃይብሪድ ፕሪየስን አብጠርጥረው የሚያውቁ የሐበሻ መካኒኮች አሉ። ከከፍተኛ ቮልት ጋር መሥራት መልመዳቸው ትልቅ ሀብት ነው። ይሁንና ሞተር ውስጡ የታቀፈ ባለ አሥር ማርሽ ካምቢዮ ሌላ እውቀት፣ የአምራቹን ሶፍትዌር የሚያነብ ስካነርም ይፈልጋል። «ይሄ ሞዴል ከዚህ በፊት እጅህ ገብቷል ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ «አልገባም» ብሎ ሌላ ጋራዥ የሚጠቁም ሰው ለሌላ ሥራ ተመልሰው ሊሄዱበት የሚገባ ነው።

የምርመራ ዋጋ ከጥገናው ተለይቶ መከፈሉ ተገቢ ነው። ምርመራውን በነጻ የሚሠራ ጋራዥ ገቢው ዕቃ ከመቀየር ብቻ ስለሚመጣ ዕቃ ወደ መቀየር ያደላል። በሜሪላንድ ሕግ ደንበኛው ከ50 ዶላር ለሚበልጥ ጥገና የጽሑፍ ግምት መጠየቅ ይችላል፤ ያለ ፈቃዱም ከግምቱ ከ10 በመቶ በላይ ሊጨመርበት አይችልም።

ገንዘብ ከኪስ ከመውጣቱ በፊት ዋስትናው ይታያል። ፎርድ ለሃይብሪድ ክፍሎቹ 8 ዓመት ወይም 100,000 ማይል፣ ቶዮታ ከ2020 ሞዴል ወዲህ ለሃይብሪድ ባትሪው 10 ዓመት ወይም 150,000 ማይል ይሰጣሉ፤ ቀድሞ የሞላው ይቆጠራል። የ1975ቱ የማግነሰን-ሞስ ሕግ እንዳስቀመጠው ዘይት ውጭ ጋራዥ በመቀየሩ ብቻ ዋስትና አይሰረዝም፤ ደረሰኝ ማስቀመጥ ግን ክርክር ያሳጥራል። ባለ 17 አሃዙን የሻንሲ ቁጥር በፌዴራሉ የትራፊክ ደህንነት መሥሪያ ቤት ገጽ ላይ አስገብቶ ያልተሠራ የአምራች ጥሪ መኖሩን ማየትም ያሻል። በ2022 ፎርድ ማቬሪክና ኤስኬፕ ሃይብሪዶችን የጠራው ሞተሩ ሲሰበር የሚወጣው ዘይትና ትነት እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል ነበር፤ በእንዲህ ያለ ጥሪ የሚሠራ ጥገና ለባለቤቱ በነጻ ነው።

ጥገናው ሲያልቅ መኪናው በተበላሸበት ሁኔታ ይነዳል፤ ዳገት ላይ ከለገመ ዳገት ላይ፣ ኤሲ ሲከፈት ከቆመ ኤሲው ተከፍቶ። ከዚያ ኮዶቹ እንደገና ይነበባሉ፣ ከጥገናው በፊትና በኋላ የተለኩት ቁጥሮችም በደረሰኙ ላይ ተጽፈው ባለቤቱ እጅ ይገባሉ።