መድኃኒቱ ለታማሚው፤ የፈላ ውኃ ለልብሱ

በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በለሚና በአካባቢዋ ለምትሠሩ ሐኪሞች፣ የጤና መኮንኖችና ነርሶች።

በቅማል የሚተላለፈው የሚያገረሽ ትኩሳት ከብዙው ዓለም ጠፍቶ የሀገራችንን ደጋ ገና ያልለቀቀ ደዌ ነው። አንድ የፔኒሲሊን መርፌ ወይም የቴትራሳይክሊን እንክብል አብዛኛውን ታማሚ ያድናል። በእኛ አስተያየት ግን ሕክምናው በዚህ አይፈጸምም፤ ልብሱ ሳይቀቀል የተሰናበተ ሰው የታከመው በግማሽ ነው።

ቅማል የሚኖረውና እንቁላሉን የሚጥለው በልብስ ስፌት ውስጥ ነውና መርፌው አይደርስበትም። በሽታውን የሚያስተላልፈውም በንክሻው ሳይሆን፣ ሰው ሲያክ ሲጨፈልቀው የሚወጣው ፈሳሽ በተቧጨረ ቆዳ ሲገባ ነው። የትኩሳተኛውንም ገላ ሸሽቶ በአጠገቡ ወደ ተኛው ይሻገራል።

በ1983 ዓ.ም. ጦርነቱ አብቅቶ የተበተኑ ወታደሮች በየመጠለያው በተጨናነቁ ጊዜ ወረርሽኙ ተነሥቶ ነበር። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ከአፍሪካ ቀንድ ወደ አውሮፓ በተሰደዱ ወጣቶች ላይ ታይቷል። እንግዲህ ደዌው ሰው በጠባብ ቦታ ታጭቆ፣ ውኃና ቅያሪ ልብስ ያጣበትን ስፍራ ይከተላል። በለሚም በመስከረም 2017 ዓ.ም. ታላቅ የሲሚንቶ ፋብሪካ ተመርቋልና፣ ሥራ ፈልጎ ለሚመጣው የቀን ሠራተኛ ማደሪያ አስቀድሞ ማሰብ ብልህነት ነው።

ስለዚህ ድንገተኛ ትኩሳት፣ ብርቱ ራስ ምታትና ነስር ያለበት ሰው ሲመጣ፣ ለወባ በተዘጋጀው የደም ናሙና ላይ ጠመዝማዛውንም ባክቴሪያ ፈልጉ። መድኃኒት በተሰጠ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ብርቱ ብርድ ብርድ ማለትና የደም ግፊት መውረድ ሊከተል ስለሚችል፣ ታማሚው ተኝቶ ይጠበቅ እንጂ ወዲያው አይሰናበት። በዚያው ሰዓት ልብሱ ይቀቀል፤ ስፌቱም በጋለ ካውያ ይተኮስ። አብረውት የሚያድሩትም ይመርመሩ። ይኸው አንድ ሥራ በቅማል የሚመጣውን ታይፈስንም ይከላከላል።

«ልብስ ማጠብ የሐኪም ሥራ አይደለም፤ ድኻውም ያለው አንድ ልብስ ነው» የሚል አይጠፋም። አንድ ልብስ ብቻ ያለው ሰው ግን ከጤና ጣቢያው ሌላ ማን ይረዳዋል? ልብሱ እስኪደርቅ የሚደርበው አንድ ብርድ ልብስና አንድ በርሜል የፈላ ውኃ ከተደጋጋሚ መርፌ ዋጋ አይበልጡም። ቅማል የድህነት እንጂ የነውር ምልክት አይደለምና፣ ጥያቄያችሁ በለሰለሰ ቃልና በገለልተኛ ቦታ ይሁን። ያፈረ ሰው እውነቱን ይሸሽጋል፤ የተሸሸገውም ቅማል ከቤተ ሰቡ ጋራ ያድራል።